«ክሉለስ» ከሲኒማ ወደ ቴሌቪዥን፦ የአንድ የወጣቶች ሲትኮም የጉዳይ ጥናት

ጁላይ 19 ቀን 1995 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው «ክሉለስ» የተባለው ፊልም ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ቼር ሆሮዊትዝ በቤቨርሊ ሂልስ ጎዳናዎች ላይ ብቻዋን ስትሄድ እናያታለን። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወድቃለች። ልብሷንና አነጋገሯን እያስተካከለች ሰው ላድርጋት ብላ የያዘቻት ጓደኛዋ ታይ ፊት ለፊት ተናግራታለች። ከሁሉም በላይ ታይ የቼርን የቀድሞ የእንጀራ ወንድም ጆሽን መውደዷ ለምን ይህን ያህል እንዳንገበገባት ሊገባት አልቻለም። እያሰበች ስትሄድ በሱቅ መስታወት ውስጥ የተሰቀለ ልብስ ዓይኗን ይስበዋል፤ ለአፍታ ልኬ ይኖር ይሆን ትላለች፤ ከዚያ ወደ ጭንቀቷ ትመለሳለች። በመጨረሻ ጆሽን የምትወደው ራሷ መሆኗ ሲገለጥላት ከጀርባዋ ያለው የከተማው ፏፏቴ በአንድ ጊዜ በብርሃን ይጥለቀለቃል።

የፊልሙ መንገድ ሁሉ ወደዚያች ቅጽበት ይወስዳል። ርእሱ ራሱ «ነገሩ ያልገባት» እንደማለት ነው፤ ነገሩ ሲገባት ታሪኩ ያልቃል። ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1996፣ ይኸው ታሪክ በኤቢሲ ጣቢያ የግማሽ ሰዓት ሲትኮም (በየሳምንቱ የሚቀርብ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ) ሆኖ ሲጀምር ግን የሚፈለገው ተቃራኒው ነበር፤ በየሳምንቱ የምትሳሳት፣ በየሳምንቱ ጥቂት የምትማር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን የተማረችውን ረስታ የምትመለስ ልጅ አስፈለገች። በእኔ እምነት «ክሉለስ» በቴሌቪዥን ላይ የገጠመው ችግር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። በዘመኑ ብዙ ጊዜ ሲነገር የነበረው፣ ጥፋቱን በቴሌቪዥን ቼርን በተጫወተችው በአዲሷ ተዋናይት ላይ የሚጥለው አስተያየት ግን ፍትሐዊ አይደለም።

ከቴሌቪዥን ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥን

የፊልሙ ደራሲና ዳይሬክተር ኤሚ ሄከርሊንግ ለዚህ ጉዞ እንግዳ አልነበረችም። በ1982 ያዘጋጀችው «ፋስት ታይምስ አት ሪጅሞንት ሃይ» በ1986 በሲቢኤስ ጣቢያ ሲትኮም ሆኖ 7 ክፍል ብቻ ታይቶ ተቋርጧል። በ1989 የሠራችው «ሉክ ሁዝ ቶኪንግ» ደግሞ በ1991 «ቤቢ ቶክ» የሚል ስም ይዞ በኤቢሲ ቀርቧል። «ክሉለስ» ከእጇ ወጥቶ ወደ ቴሌቪዥን የገባ ሦስተኛ ሥራዋ ነው።

ከሦስቱ የሚለየው ግን በመነሻው ነው። ሄከርሊንግ ሐሳቡን በመጀመሪያ ያቀረበችው ለፎክስ ሲሆን፣ ያኔ የታሰበው «ኖ ዎሪስ» የሚል ርእስ ያለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ሆኖ ነው። ምንም ቢመጣ ፊቷ የማይጠቁር፣ ዓለም ሁሉ መልካም እንደሆነች የምታምን ሀብታም ልጅ በየሳምንቱ ብትታይ የሚል ሐሳብ ነበር። ሐሳቡ ወደ ፊልም ሲሸጋገር ፎክስ ገፍቶ አልሄደበትም፤ ሄከርሊንግ በኋላ እንደተናገረችው ታሪኩ በሴት ልጆች ዙሪያ መብዛቱና የወንዶቹ ድርሻ ማነሱ የስቱዲዮውን ሰዎች አሳስቧቸው ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ስኮት ሩዲን ወደደው፤ ፓራማውንት የተባለው የፊልም ስቱዲዮም ወሰደው።

ወደ ፊልም ሲለወጥ አንድ ትልቅ ነገር ተጨመረበት። ሄከርሊንግ ለዚያች ደስተኛ ልጅ መድረሻ የሚሆን ታሪክ ስትፈልግ ጄን ኦስተን በ1815 መጨረሻ ያሳተመችውን «ኤማ» የተባለ ልብ ወለድ አገኘች። ኤማ ሌሎችን ማጋባት የምትወድ፣ የሰውን ልብ አውቃለሁ ብላ የምትመካ፣ የራሷን ልብ ግን የማታውቅ የእንግሊዝ ባለጸጋ ልጅ ናት። የኤማን አጽም ለቼር ስትሰጣት፣ መጀመሪያ ለየሳምንቱ ሥርጭት ታስባ የነበረችው ልጅ ጅማሬና ፍጻሜ ያላት ሰው ሆነች። ይህ ውለታ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ዕዳ ሆኖ ተመለሰ። ወደ ቴሌቪዥን የተመለሰችው ቼር ስትወጣ እንደነበረችው ስላልነበረች፣ ተመልካቹም ፍጻሜዋን አይቶ ስለጨረሰ፣ የቀደመውን ሐሳብ ከመሳቢያ አውጥቶ እንዳለ መጠቀም አይቻልም ነበር።

በፊልሙ ላይ የዋለው ገንዘብ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን በአሜሪካና በካናዳ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ከ56 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ገንዘቡ ስቱዲዮውን ለተከታታይ ድራማ ያነሣሣው መሆኑ ግልጽ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ወደ ቴሌቪዥን ለመውሰድ የሚያመቸው ግን የፊልሙ ቋንቋና ልብስ ነበር። ሄከርሊንግ ከመጻፏ በፊት ወደ ቤቨርሊ ሂልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዳ ከተማሪዎች ጋር ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፤ የሰማችውን የአራዳ ቋንቋ ከራሷ ፈጠራ ጋር ቀላቅላ ጽፋዋለች። «አዝ ኢፍ!» የሚለው፣ በእኛ «እንዴት ተደርጎ!» ሊባል የሚችለው አነጋገር ከፊልሙ ወጥቶ በየትምህርት ቤቱ ተዛመተ። የአልባሳት ንድፍ ባለሙያዋ ሞና ሜይ ያለበሰቻቸው ባለ መስመር ኮትና ቀሚስም እንዲሁ። አነጋገርና ልብስ ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ሆነው ሊቀርቡ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

ማን ተሻገረ፣ ማን ቀረ

አንድ ፊልም ወደ ሲትኮም ሲለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ተዋንያኑ ሁሉ ይቀየራሉ፤ የሲኒማ ተዋናይ በሳምንታዊ ሥራ ለዓመታት መታሰርን አይፈልግም። «ክሉለስ» በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነበር። ስቴሲ ዳሽ የቼር የቅርብ ጓደኛ የሆነችውን የዲዮንን፣ ዶናልድ ፌይዞን የዲዮን ፍቅረኛ የሆነውን የመሪን፣ ኤሊሳ ዶኖቫን የቼር ተቀናቃኝ የሆነችውን የአምበርን፣ ዋላስ ሾን የመምህር ሆልን፣ ትዊንክ ካፕላን ደግሞ የመምህርት ጋይስትን ቦታ እንደያዙ ተሻገሩ። ሞና ሜይም ልብሱን ይዛ አብራ መጣች፤ ሄከርሊንግም የተከታታዩ ፈጣሪ ሆና ከሥራው ጋር ነበረች። በፊልሙ ጆሽን የተጫወተው ፖል ራድ፣ ታይን የተጫወተችው ብሪታኒ መርፊና የታይን ፍቅረኛ ትራቪስን የተጫወተው ብሬኪን ማየር በቋሚነት ባይመለሱም፣ ሌላ ገጸ ባሕርይ ሆነው በእንግድነት ብቅ ብለዋል።

ያልተሻገሩት ግን ታሪኩን የተሸከሙት ናቸው። ቼርን የተጫወተችው አሊሺያ ሲልቨርስቶን ፊልሙ ሲወጣ 18 ዓመቷ ነበር፤ ወዲያውም ወደ ትልልቅ ፊልሞች አቀናች፣ በ1997 በ«ባትማን ኤንድ ሮቢን» ባትገርልን ተጫወተች። ቦታዋን የወሰደችው በቶሮንቶ ተወልዳ ያደገችው የ20 ዓመቷ ሬቸል ብላንቻርድ ናት። ጆሽን ዴቪድ ላሸር፣ ታይን ሄዘር ጎትሊብ፣ የቼርን አባት ጠበቃውን ሜልን ማይክል ለርነር ተጫወቱ።

እዚህ ላይ የሆነውን ልብ ማለት ይገባል። የታሪኩ ሦስት ማዕዘን ቼር፣ ታይና ጆሽ ናቸው፤ ቼር የምትሳሳተው በታይ ላይ ነው፣ ስሕተቷን የሚያሳያት ጆሽ ነው፣ ፏፏቴው የሚበራውም በሦስቱ መካከል በሆነው ነገር ነው። ሦስቱም በአዲስ ሰው ተተኩ። በአንጻሩ በፊልሙ ውስጥ በዳር ሆነው ያደመቁት ሁሉ ከነፊታቸው መጡ። ተመልካቹ ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ ዕቃውን ሁሉ ያውቀዋል፤ ባለቤቷ ግን ሌላ ናት። ከዚያ ወዲያ ብላንቻርድ ምንም ብታደርግ መመዘኗ አይቀርም ነበር። ሁሉም ተዋናይ አዲስ ቢሆን ኖሮ ሰው ተከታታዩን ራሱን እንደቻለ ሥራ ይቀበለው ነበር፤ ከፊሉ አሮጌ ከፊሉ አዲስ ሲሆን ግን ዓይን የሚሄደው ወደጎደለው ነው። ብላንቻርድ ቀልዱን በጊዜው የምትጥል፣ ፈገግታዋ የማያስመስል ተዋናይት እንደነበረች ክፍሎቹን ዛሬ ያየ ሰው ይመሰክራል።

ከዚህ ተቃራኒውን መንገድ የሄደ ሌላ ሥራ አለ። በ1986 የወጣው «ፌሪስ ቡለርስ ደይ ኦፍ» የተባለው ፊልም በ1990 በኤንቢሲ ሲትኮም ሲሆን ሁሉም ሚና በአዲስ ሰው ተሞላ፤ በመጀመሪያው ክፍል የቴሌቪዥኑ ፌሪስ የፊልሙን ተዋናይ የማቲው ብሮድሪክን የካርቶን ምስል በእንጨት መቁረጫ ሞተር ሲቆርጠው ይታያል። ፊልሙን የወደደ ሰው በዚያ መቀየሙ አይቀርም፤ ተከታታዩም ከ13 ክፍል አልዘለለም። «ክሉለስ» የፊልሙን ትዝታ አክብሮ መነሣቱ፣ ከጎደለው ጋርም ቢሆን፣ ከዚያ የተሻለ ውሳኔ ነበር ባይ ነኝ።

የዓርብ ምሽት

ኤቢሲ «ክሉለስ»ን ያስገባው ቲጂአይኤፍ በሚባለው የዓርብ ምሽት መርሐ ግብሩ ውስጥ ነው። ይህ ሰዓት ወላጆችና ትንንሽ ልጆች አብረው እንዲቀመጡ የተዘጋጀ፣ አስቂኝ የቤተሰብ ድራማዎች በተከታታይ የሚቀርቡበት ነበር። በዚያው ወር በዚያው ምሽት «ሳብሪና» የተባለችው የጠንቋይዋ ወጣት ተከታታይም ጀመረች።

ፊልሙ ግን ለዚህ ሰዓት የተሠራ አልነበረም። ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የወላጅ ጥንቃቄ እንደሚያሻ የሚገልጽ ምልክት የተሰጠው ሲሆን፣ ስለ ድንግልና፣ ስለ ዕፅ፣ ስለ ወጣቶች ፍላጎት ያለ መሸማቀቅ ይናገራል፤ የቀልዱም ግማሽ ከዚያ የሚመጣ ነው። በዓርብ ምሽት ይህን በዚያው ነጻነት መናገር አይቻልም ነበር። ሲትኮሙ በመጀመሪያው ምዕራፉ መካከል ሳለ፣ በጃንዋሪ 1997፣ የአሜሪካ ጣቢያዎች የፕሮግራሞችን የዕድሜ ደረጃ በስክሪን ማሳየት መጀመራቸውም ዘመኑ ለዚህ ጉዳይ ምን ያህል ስሜቱ የተሳለ እንደነበረ ያሳያል።

ይሁንና ጉዳቱ ከወጡት ቃላት ይልቅ በቃናው ላይ የበረታ ይመስለኛል። በፊልሙ ውስጥ ቼር በመምህር ሆል ክፍል አሜሪካ የሄይቲ ስደተኞችን ትቀበል ወይስ አትቀበል በሚል ርእስ ስትከራከር የምትታይበት ትዕይንት አለ። የሄይቲን ሰዎች ስም አጣማ ትጠራለች፤ ከዚያም አባቷ ለ50ኛ ልደቱ በግቢያቸው ያደረገውን ድግስ ታነሣለች። እመጣለሁ ሳይል የመጣ እንግዳ እንደበዛ፣ ማድ ቤት ገብታ ምግቡን እንዳብቃቃች፣ መቀመጫውን እንዳሸጋሸገች፣ በመጨረሻም ሰው በበዛ ቁጥር ድግሱ እንደደመቀ ታስረዳለች። ክፍሉ ያጨበጭባል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ስለ ዓለም ምንም እንደማታውቅ ያያል፤ በዚያው ቅጽበት ግን ከብዙ አዋቂ ይልቅ ልቧ ትክክል እንደሆነም ያያል። ሳቁና አክብሮቱ በአንድ ላይ ይመጣሉ። ይህን ሚዛን ለ97 ደቂቃ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ማስታወቂያ ሲወጣለት 22 ደቂቃ ገደማ በሚቀረው ክፍል፣ በየሳምንቱ፣ በተለያዩ ጸሐፊዎች እጅ መጠበቅ ደግሞ እጅግ ይከብዳል። ሚዛኑ ሲዛነፍ ወይ መሳለቂያ የሆነች ሞኝ ልጅ፣ ወይ የክፍሉን ትምህርት በመጨረሻ የምታነብ ጨዋ ልጅ ትቀራለች። የዓርብ ምሽት ሰዓት ወደ ሁለተኛዋ ገፋት።

ለምን በአንድ ምዕራፍ አላበቃም

ኤቢሲ 18 ክፍል ካሳየ በኋላ ተከታታዩን ሰረዘው። በተለመደው አካሄድ ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር፤ ግን ሴፕቴምበር 23 ቀን 1997፣ ማክሰኞ ዕለት፣ «ክሉለስ» በዩፒኤን ጣቢያ እንደገና ጀመረ። ምክንያቱን ለመረዳት ከስክሪኑ ጀርባ መሄድ ያስፈልጋል።

ከ1970 ጀምሮ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ትልልቆቹ ጣቢያዎች በሚያሳዩዋቸው ድራማዎች ላይ የባለቤትነት ድርሻ እንዳይኖራቸው የሚገድብ ደንብ ነበረው። ድራማውን የሚሠራው ስቱዲዮው ነው፤ ጣቢያው የማሳየት መብት ብቻ ይገዛል። ደንቡ በ1993 ላልቶ በ1995 ሙሉ በሙሉ ሲቀር፣ ጣቢያዎች የራሳቸውን ድራማ ሠርተው ማሳየት ቻሉ። ስቱዲዮዎች ገበያ እንዳያጡ ሠጉ፤ ከእነዚህም ሁለቱ በጃንዋሪ 1995 በቀናት ልዩነት የራሳቸውን ጣቢያ አቆሙ፤ ዋርነር ደብሊውቢን፣ ፓራማውንት ደግሞ በሽርክና ዩፒኤንን። በዩፒኤን ስም መካከል ያለው ፊደል «ፒ» ፓራማውንት ራሱ ነው። በሌላ በኩል ዲዝኒ በ1996 መጀመሪያ ኤቢሲን ገዝቶ ጨረሰ። እንግዲህ ሁኔታው እንዲህ ነበር፦ የፓራማውንት ንብረት የሆነ ሲትኮም በተፎካካሪው በዲዝኒ ጣቢያ ላይ ተቀምጧል፤ ፓራማውንት ደግሞ ገና ዳዴ የሚል፣ ሰው የሚያውቀው ስም ያለው ፕሮግራም አጥብቆ የሚፈልግ የራሱ ጣቢያ አለው። ኤቢሲ ሲጥለው ቤቱ ተቀበለው።

አዲሱ ቤት የተመልካቹ ብዛት ያነሰ ቢሆንም የሚጠይቀውም ያነሰ ነበር። ዩፒኤን ከ1996 ጀምሮ «ሞኢሻ» የተባለውን፣ በሎስ አንጀለስ ስለምትኖር ጥቁር አሜሪካዊት ወጣት የሚናገረውን ሲትኮም ማክሰኞ ማክሰኞ ያሳይ ስለነበር፣ ለወጣት ተመልካች የተዘጋጀ ምሽት ነበረው። «ክሉለስ» በዚያ 44 ተጨማሪ ክፍሎች ተሠሩለት።

ዝውውሩ ግን ሌላ ለውጥ አመጣ። ጆሽና ታይ ቀሩ፤ አባትየውን ከለርነር ተረክቦ ዳግ ሺሃን ተጫወተው። የቀሩት ቼር፣ ዲዮን፣ አምበርና መሪ ናቸው፤ ሲትኮሙም በእነዚሁ ጓደኛሞች ጨዋታና ጥል ዙሪያ ተደላደለ። የተመልካቾች ትዝታ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሽግግር እንደ ውድቀት ይመለከተዋል። እኔ ግን ተከታታዩ ከፊልሙ ጥላ የተላቀቀው ያን ጊዜ ነው እላለሁ። ኤማ ያመጣችው ፍቅርና ፍጻሜ ሲወጣ፣ የቀረው ሄከርሊንግ መጀመሪያ ለፎክስ ያቀረበችው ነገር ነው፤ የማትከፋ ሀብታም ልጅ፣ ጓደኞቿ፣ ትምህርት ቤቷ። ሳይታሰብ ወደ መነሻው ተመለሰ። የሚያሳዝነው ይህ ሲሆን የሄከርሊንግ ስለታም ብዕር እንደ መጀመሪያው ቅርብ አለመሆኑ ነው፤ አነጋገሩ አለ፣ ከአነጋገሩ ስር የነበረው ትዝብት ግን ሳስቷል።

ጊዜም የራሱን ሠርቷል። ሲትኮም ተማሪዎቹን ከዓመት ዓመት በትምህርት ቤት ማቆየት ይወዳል፤ ተዋንያኑ ግን ያድጋሉ። ስቴሲ ዳሽ በ1967 የተወለደች ስለሆነች ሥርጭቱ ሲያበቃ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዋን ዲዮንን በ32 ዓመቷ ትጫወት ነበር። በአንድ ፊልም ውስጥ ማንም የማያስተውለው ነገር በአራት ዓመት ውስጥ ይታያል።

ለማነጻጸር ያህል ሁለት ሥራዎችን ላንሣ። በ1999 የወጣውና መሠረቱን በሼክስፒር ተውኔት ላይ ያደረገው «ቴን ቲንግስ አይ ሄት አባውት ዩ» በ2009 በኤቢሲ ፋሚሊ ሲትኮም ሆኖ 20 ክፍል ቆየ፤ ከፊልሙ የተሻገረው አባትየውን የተጫወተው ላሪ ሚለር ነበር። እዚያም ችግሩ ተመሳሳይ ነው፤ ጥንታዊው ታሪክ የሚያልቀው የማትገራው ልጅ ልቧ ሲለሰልስ ነው፣ ሲትኮሙ ደግሞ እንዳትለሰልስበት ይፈልጋል። በአንጻሩ በ1992 በሲኒማ ብዙም ያልተሳካላት «በፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» በ1997 ወደ ቴሌቪዥን ስትመጣ 144 ክፍል ኖረች። በፊ ሲትኮም አይደለችም፤ ነገር ግን ፊልሟን አጥብቆ የሚያስታውስ ተመልካች ስላልነበራት ደራሲዋ ቃናዋን እንደፈለገ ለመለወጥ ነጻ ነበር። ያልተሳካ ፊልም ለተከታታዩ ቦታ ይለቃል፤ እንደ «ክሉለስ» ያለ የተወደደ ፊልም ግን ወንበሩን ይዞ አይነሣም።

ሜይ 25 ቀን 1999 የመጨረሻው ክፍል ተላለፈ። በድምሩ 62 ክፍሎች ናቸው። ኤሊሳ ዶኖቫን ከዓመት በኋላ ወደ «ሳብሪና» ተዛወረች፤ ዶናልድ ፌይዞን በ2001 በጀመረው «ስክረብስ» የሐኪሙን የተርክን ሚና ይዞ ለዓመታት ታወቀበት፤ ዩፒኤን ራሱ በ2006 ከደብሊውቢ ጋር ተዋህዶ ቀረ። ክፍሎቹን በ22 ደቂቃ ብናሰላ ብላንቻርድ ቼርን የተጫወተችበት ሥራ 22 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይሆናል፤ ሲልቨርስቶን የተጫወተችው 97 ደቂቃ ነው። በ2023 አንድ ኩባንያ ለሱፐር ቦውል ማስታወቂያ ቼርን ለመመለስ ሲፈልግ፣ ቢጫውን ባለ መስመር ኮትና ቀሚስ ለብሳ ክፍሉ ፊት የቆመችው ሲልቨርስቶን ነበረች፤ ከአጠገቧም አምበር ሆና የተቀመጠችው ኤሊሳ ዶኖቫን።